ከኩፍኝ የዳነችው ልጅ

*ኑይ ለወንድሟ ለቶሜዞ። ከኩሪኖሳዋ መንደር፣ በሺናኖ ተራሮች። የአራተኛው ወር ማገባደጃ።*

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ታኪስ እንደምን ናት? ደብዳቤህን ጭነት አመላላሹ ሄይሮኩ ከጨው ከረጢት ጋር አንድ ላይ አስሮት ስለመጣ ጥጉ ረጥቧል፤ ቢሆንም አንብቤዋለሁ። ሁለቴ አነበብኩት፤ ምናልባት በሁለተኛው እሺ ትለኝ እንደሆነ ብዬ።

እንግዲህ እንቢ አልከኝ። «ሩዝ የሚቀቅልልኝ ማነው?» ብለህ ጻፍክ። አታፍርም? ከፀጉር የቀጠነ መስመር በእንጨት ላይ የሚቀርጽ ሰው ሩዝ መቀቀል ያቅተዋል? እውነቱን ብትነግረኝ አልቆጣም ነበር። ልጅህን መለየት አልሆነልህም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከዓይንህ እንድትርቅ አትወድም፤ አውቃለሁ። ግን እኮ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚያ በጣውላና በመሮ መሀል የእንጨት ብናኝ ስትምግ ከምትውል፣ እኔ ዘንድ መጥታ ሐር መፍተል ብትማር ነገ በእጇ ላይ የራሷ ሙያ ይኖራታል። እኔም ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት የሴት ድምፅ ናፍቆኛል። ልጄ ዮሳኩ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሚያወራው ስለ ጥንዚዛ ብቻ ነው።

ሄይሮኩ አንድ ወሬ ይዞ መጥቷል። ኩፍኝ ከኦሳካ በኩል ወደ እናንተ እየመጣ ነው ይላል። እዚህ ተራራ ላይ ኩፍኝ ምን እንደሆነ ያየ የለም፤ ሽማግሌዎቹ እንኳ ስሙን ነው የሚያውቁት። እኔ ግን ነገርኳቸው። በልጅነታችን ኤዶ ከተማ ሳለን እኔና ወንድሜ በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ታመን፣ እሱ የኔን ገንፎ ሰርቆ በልቶ ዳነ፣ እኔ ደግሞ በንዴት ዳንኩ አልኳቸው። ሳቁ። አንዴ የያዘውን ሰው ዳግመኛ አይነካውም ስላቸው ግን አላመኑኝም።

እናንተ ጋ ደርሷል? ጻፍልኝ። የታኪን ነገር ደግሞ እንደገና አስብበት።

እህትህ ኑይ

*ቶሜዞ ለኑይ። ከኤዶ፣ ስድስተኛው ወር እንደገባ።*

እታለም፣

ስለዘገየሁ ተቀየሚኝ፤ ብዙ ግን አትቀየሚኝ። ከዚህኛው በፊት በላክሽው ደብዳቤ ለጠየቅሽኝ ልመልስ። የእናታችንን መቃብር አይቼዋለሁ። ሣሩን ነቅለናል፤ ድንጋዩ ወደ ጎን ዘመም ከማለቱ በቀር ደህና ነው። ታኪ ውሃ አፈሰሰችበትና «አያቴ፣ ልጅሽ ትናንት ሩዙን አሳረረው» ብላ ከሰሰችኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩላት ወዲህ የምቀቅለው እኔ ነኝ።

ሄይሮኩ አልዋሸም። ኩፍኙ ከተማውን ይዞታል። ሐኪሞቹ የታመመ ገላውን አይታጠብ፣ ፀጉሩን አይሠራ፣ ዓሣ አይብላ ስላሉ መታጠቢያ ቤቶቹ እሳታቸውን አጥፍተዋል። ፀጉር ሠሪዎቹ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዝንብ ያባርራሉ። ጎረቤታችን ዓሣ ሻጩ በመንገድ የሚያልፍ ሐኪም ላይ ቅርጫቱን ወረወረበት። የሚስቁት መድኃኒት ሻጮች ብቻ ናቸው። እነሱና፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ እኛ። ሰው ሁሉ በሽታውን ያባርርልኛል ብሎ ደጃፉ ላይ የሚሰቅለው የኩፍኝ ሥዕል ይፈልጋል፤ አሳታሚዎቹም የሚቀርጽላቸው እጅ አጥተው ይሯሯጣሉ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም።

የኔ አሳታሚ የላኳቸው ሽማግሌ ሠዓሊ እዚሁ ቤቴ መጥተው ሣሉ። «ድኖ የተነሳ ልጅ መሣል አለብኝ፤ ግን በዚህ ሰፈር የሚስቅ ልጅ ከየት ላምጣ?» ሲሉ ታኪን አዩዋት። ቁጭ አደረጓትና አንድ ሳህን የተቀቀለ ቀይ አደንጓሬ ሰጧት፤ ለኩፍኝ ይበጃል የሚባለው እሱ ነውና።

«በይ ሳቂ።»

«በምን ልሳቅ?»

«በኔ መላጣ ሳቂ።»

«እሱማ ያሳዝናል እንጂ አያስቅም።»

ሽማግሌው ራሳቸው ሲስቁ እሷም አደንጓሬውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ሳቋ ፈነዳ፤ ያን ጊዜ ሣሏት። ጉንጯን ግን እጥፍ አድርገው አወፈሩት። «ይሄን ጉንጭ ከየት አመጡት?» ብላቸው «የከሳ ልጅ ያለበትን ሥዕል ማንም አይሰቅልም» አሉኝ። ከጎኗ የኩፍኝ ጋኔን ጓዙን በብብቱ ይዞ ሲሸሽ ይታያል። ከላይ የሚበላውና የማይበላው ተጽፏል። ወረቀቱን ለማተሚያ በሚቀረጸው የቼሪ እንጨት ጣውላ ላይ በግንባሩ ደፍቼ ለጥፌዋለሁ፤ ነገ ከፀጉሯ መቅረጽ እጀምራለሁ።

ታኪን ትንሽ ያስላታል። የእንጨቱ ብናኝ ነው። መኝታዋን ክፍሉን ከሚከፍለው የወረቀት መዝጊያ ወዲያ ወደ ጓዳ አዛውሬዋለሁ። «ዮሳኩ ትልቁን ጥንዚዛ ያስቀምጥልኝ» ብላለች።

ወንድምሽ ቶሜዞ

*ኑይ ለቶሜዞ። ስድስተኛው ወር ሲያልቅ።*

ወንድም ዓለም፣

ሄይሮኩ ዛሬም ባዶ እጁን መጣ። ምነው ዝም አልክ?

ሳሉ እንዴት ሆነ? የእንጨት ብናኝ ነው ብለሃል። ይሁን። ግን ትኩሳት አላት? ዓይኗ ይቀላል? ብርሃን ስታይ ፊቷን ታዞራለች? እኔና አንተም የጀመረን በሳል ነበር። የምፈራውን ስለምታውቅ ነው መሰለኝ የማትጽፍልኝ።

ኩፍኙ እዚህ ገብቷል። የመንደሩ ሹም ልጅ ሐር ሊሸጥ ወደ ታች ወርዶ ተመለሰና ወደቀ። ከሱ ቀጥሎ የኪሳ ትልቁ ልጅ። ኪሳን ታስታውሳታለህ፤ በሠርጌ ቀን ስትዘፍን ውላ ድምፅዋ የተዘጋባት ጎረቤቴ ናት። እዚህ ሰው የታመመ ቤት መግባት ይፈራል፤ መፍራቱም ልክ ነው፤ ከአዛውንት እስከ ሕፃን በልጅነቱ የያዘው የለም። የምገባው እኔ ብቻ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት ውሃ አመላልሳለሁ፤ ስመለስ ልብሴን ደጅ አውልቄ ነው ወደ ዮሳኩ የምገባው። ትናንት አንድ ቤት ገብቼ ልጁን ብቻውን ሞቶ አገኘሁት። እናትና አባቱ ወደ ጫካ ሸሽተዋል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ እንስራው ከእጁ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀምጦ።

በኤዶ ስለሚሰቀለው ሥዕል ነግሬያቸው ነበር። አሁን ባዩኝ ቁጥር «ወንድምሽ ይላክልን እንጂ» ይሉኛል። የምትችለውን ያህል ላክልን። ከሁሉ በፊት ግን ስለ ታኪ አንድ መስመር ጻፍልኝ።

ኑይ

*ቶሜዞ ለኑይ። ሰባተኛው ወር።*

እታለም፣

ሥዕሎቹን ልኬያለሁ። እንዳይረጥቡ በዘይት ወረቀት ጠቅልያቸዋለሁ። ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ ከደጃፍ በላይ ይሰቀሉ። ጽሑፉን አንቺ አንብቢላቸው። ቀይ አደንጓሬ፣ ገብስ፣ እንደ ቋንጣ ተሸንሽኖ የደረቀ ቅል ይብሉ። ዓሣና እንቁላል ይቅርባቸው። ክፍሉ ጨለም ይበል። ውሃ ሲጠይቁ ለብ ያለውን ስጫቸው። ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ አትሰልቺ።

ሥዕሉ ጥሩ ወጥቷል ይላሉ። ብዙ ሰው እየገዛው ነው።

ስለ ታኪ ጠይቀሽኛል። ታኪ አልፎላታል።

እጄ ስለዛለ አሳጠርኩት፤ ይቅር በይኝ።

ቶሜዞ

*ኑይ ለቶሜዞ። ሰባተኛው ወር አጋማሽ።*

ወንድሜ፣ ወንድም ዓለሜ፣

አልፎላታል! እንዲህ ያለውን ነገር በአደንጓሬና በቅል መሀል ሸጉጠህ ትጽፋለህ? ያቺን መስመር ሳነብ ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ። ሄይሮኩ ሞት የተረዳሁ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። መቼ ያዛት? ብዙ ተሠቃየች? ፀጉሯ ረግፎ ይሆን? አንተ ደግሞ ብቻህን ስታስታምም እንዴት እንደሆንክ አስባለሁ። ለዚህ ነው የጠፋኸው። ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛ ግን እንዲህ አታድርግ።

ሥዕሉን ስፈታው ወዲያው አወቅኋት። ጉንጯ የሰው ጉንጭ ቢሆንም ሳቋ የራሷ ነው፤ አንዱን ዓይኗን ጨፈን የምታደርገው ነገር። ለሰዎቹ ሳድል የወንድሜ ልጅ መሆኗን ነገርኳቸው። ኪሳ ሥዕሉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ትልቁን ልጇን ባለፈው ቀብራለች፤ ትንሿ ሳዮ ደግሞ ታማለች።

«ይቺ ናት የወንድምሽ ልጅ?»

«እሷ ናት።»

«በእውነት ይዟት ነበር?»

«ይዟት ነበር።»

«በእውነትስ ድናለች?»

«በእጁ ጽፎልኛል፤ ይኸው ደብዳቤው።»

ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ወረቀቱን ተቀብላኝ አየችው። ከዚያ «ምን በልታ ነው የዳነችው? ወንድምሽን ጠይቂልኝ» ብላ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ገባች።

ወንድሜ፣ አሁን የምለምንህን እንቢ እንዳትለኝ። ታኪን ላክልኝ። ለሐር አይደለም። እዚህ አንድ ሰው ሲታመም ቤተሰቡ አብሮ ይታመማል፣ ወይ ይሸሻል። ውሃ የሚያቀብል የለም። ከበሽታው ይልቅ ጥማት የገደለው ይበልጣል ብዬ ልምልልህ እችላለሁ። ታኪ በሽታውን ጨርሳለች፤ ምንም አይነካትም። ሁለት ሰው ብንሆን እኔ በላይኛው ሰፈር፣ እሷ በታችኛው እንዞራለን። ስትጠነክር ሄይሮኩ በፈረሱ ላይ አስቀምጦ ያመጣታል። እንደ ልጄ አድርጌ እይዛታለሁ። ዮሳኩ ጥንዚዛውን በሣጥን አድርጎ ይጠብቃታል።

እህትህ ኑይ

*ቶሜዞ ለኑይ። ሰባተኛው ወር ሲያልቅ፣ ከሙታን በዓል በኋላ።*

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መልሱን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነሳሁ።

ታኪን ልልክልሽ አልችልም። ሴት ልጅ ከኤዶ ስትወጣ የኬላ ጠባቂዎቹ የይለፍ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ወረቀቱን የሚሰጡት ሰዎችም ታመው ቢሮው ተዘግቷል። መንገዱም ጥሩ አይደለም። ወንዙ ሞልቷል ይላሉ።

ሌሎች ሥዕሎች ልኬልሻለሁ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ብዙ ስለታተመበት ጣውላው አልቋል፤ የፀጉሩ መስመር ተደፍጥጧል። አሳታሚው ሁለተኛ ጣውላ ቅረጽልኝ እያሉ ሰው ይልኩብኛል። አዲሱ ወረቀት ተለጥፎ ከፊቴ አለ። ገና አልጀመርኩትም።

ኪሳ ምን በልታ ዳነች ብላ ለጠየቀችሽ፣ አደንጓሬ ትወድ ነበር በያት። ለብ ያለ ውሃ ታጠጣት። ከአጠገቧ አትራቅ። ሌላ የምነግራት የለኝም።

ዮሳኩን አደራ። ከቤት አታውጪው።

ቶሜዞ

*ኑይ ለቶሜዞ። ስምንተኛው ወር እንደገባ።*

ቶሜዞ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ጊዜ የለኝም።

የይለፍ ወረቀት ነው ያልከው? የመንደራችን ሹም የራሱን ልጅ ቀብሮ በመጣ ማግስት ተቀምጦ ለታኪ የሚሆን ማመልከቻ ጻፈ። ማኅተሙን አድርጎበት ይኸው ከዚህ ጋር ልኮልሃል። «ይሄን ካሳየች ማንም ኬላ አያስቆማትም» ብሏል። ወንዙንም ሄይሮኩ ዛሬ ጠዋት ተሻግሮት ነው የመጣው፤ ውሃው የፈረሱ ጉልበት ላይ አልደረሰም። አሁን ምን ትላለህ?

ዮሳኩ ተኝቷል። ሰዉ «ከቤት ቤት ስትዞር እሷው ይዛለት ገባች» ይላል፤ ፊት ለፊት ግን አይሉኝም። እኔም እንደዚያ አስባለሁ። እሱን ላስታምም ስቀመጥ ሌላው ቤት ውሃ ያጣል፤ ሌላውን ላጠጣ ስወጣ የኔው ብቻውን ይቃዣል። ያለኝ ሁለት እጅ ነው። ትናንት ከኪሳ ቤት ስመለስ ከምንጣፉ ወርዶ በደረቱ እየተሳበ ወደ በሩ ሲመጣ አገኘሁት። «እማ የት ሄድሽ?» አለኝ።

ልጅህን አልበላትም። እንድትሞትብህ አይደለም የጠራኋት፤ ልትሞት የማትችል ብቸኛዋ ልጅ ስለሆነች ነው። የሰው ልጆች ይድናሉ እያልክ ሥዕል ትሸጣለህ፤ የዳነችውን የራስህን ልጅ ግን ጓዳ ደብቀህ የእህትህ ልጅ ሲሞት ታያለህ። እናታችን ብትኖር ምን ትልህ ነበር? በቃ፤ ሩዝህን ትቀቅልልህ። ይጣፍጥህ።

ኑይ

*ቶሜዞ ለኑይ። ስምንተኛው ወር።*

እታለሜ፣

ታኪ የለችም። ሞታለች። ሥዕሎቹን መጀመሪያ ስልክልሽ ከሞተች ሰንብታ ነበር።

«አለፈች» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር ብሩሹን ያነሳሁት። እጄ «አልፎላታል» ብሎ ጻፈ። አየሁት፤ አላረምኩትም። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ልጄ በሄይሮኩ ፈረስ ላይ ተቀምጣ ተራራ ትወጣለች፤ በታችኛው ሰፈር ውሃ ታመላልሳለች፤ ከዮሳኩ ጋር ጥንዚዛ ታያለች። ደጋግሜ አነበብኩት። ከደብዳቤው ውስጥ ላስወጣት አልቻልኩም። ለዚህ ነው ኬላና ወንዝ ያመጣሁብሽ። ወንዙ እንዳልሞላ አውቅ ነበር።

የሆነውን ልንገርሽ። ሳሉ ብናኝ አልነበረም። ትኩሳቱ ተነሳባት፣ ዓይኗ ቀላ፣ አንቺ እንዳልሽው ከብርሃን ፊቷን አዞረች። ሽፍታው ግን ጥቂት ታይቶ ጠፋ። ሐኪሙ ከበሩ ሳይገባ «ሽፍታው ወደ ውስጥ ተመልሷል፤ ክፉ ምልክት ነው» አለኝ፤ ደጁ ላይ ሌሎች እጁን ይዘው እየጎተቱት ነበር። የአሳታሚው ሰው ጣውላውን እየጠበቀ ፊተኛው ክፍል ተቀምጧል። እኔ ከወረቀቱ መዝጊያ ወዲህ ሆኜ ፊቷን እቀርጻለሁ፤ እሷ ከወዲያ ትተነፍሳለች። ትንፋሿን እስከሰማሁ ድረስ መሮው በእጄ ይታዘዝ ነበር። ሲያስላት ቀና እላለሁ፤ ሲተዋት እቀጥላለሁ።

የመጀመሪያዋ ወረቀት ታትማ ስትመጣ ወስጄ አሳየኋት። እንድትስቅልኝ ነበር።

«አባባ፣ እኔ እንዲህ ወፍራም ነኝ?»

«ሽማግሌው ናቸው ያወፈሩሽ።»

ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቅርባ አየችው።

«ይቺ ልጅ ድናለች አይደል?»

«ድናለች።»

«ታድላ» አለች።

በማግስቱ ሩዝ ልጥድ ስነሳ ቀዝቅዛ አገኘኋት። በሬሳ ማቃጠያው የሚቃጠሉት ስለበዙ ተራ ይጠበቅ ነበር፤ እኔም እንደ ሌላው ሰው ተራዬን ጠበቅኩ። ስመለስ በሰፈራችን በየደጃፉ ላይ ተሰቅላ ትስቃለች።

ዛሬ አሳታሚው ራሳቸው መጡ። ሁለተኛውን ጣውላ አልቀርጽም አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ስለሚያውቁ መጀመሪያ በለሆሳስ ለመኑኝ፤ በኋላ ተቆጡ፤ በመጨረሻ ጣውላውን ለተላላኪያቸው አስይዘው ለሌላ ቀራጭ ወሰዱት።

ለመንደርሽ ሰው እውነቱን ንገሪያቸው። ሥዕሎቹን አውርዱ በያቸው። እኔ እመጣለሁ። እኔንም በልጅነቴ ይዞኛል፤ ውሃ ማመላለስ እችላለሁ። መሮዎቼን ለጎረቤት አስቀምጬ ይሄን ደብዳቤ ተከትዬ እወጣለሁ። በተራራው ማለፊያ ሥር ባለችው የመንገደኛ ማደሪያ መልስሽን እጠብቃለሁ። ዮሳኩ እስክደርስ ይቆየኝ።

ቶሜዞ

*ኑይ ለቶሜዞ። ስምንተኛው ወር አጋማሽ። በማለፊያው ሥር ወዳለችው ማደሪያ።*

ወንድም ዓለሜ፣

ዮሳኩ አልቆየህም። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከቀብሩ ስንመለስ ነው። መነኩሴው ራሳቸው ስለታመሙ ጸሎቱን የመንደሩ ሹም በሚያውቀው ያህል አደረሰልን። ከአባቱ ጎን ነው፣ ቅጠላቸውን ለሐር ትል ከምንለቅማቸው የእንጆሪ ዛፎች በታች።

ቤቱ ሰው ነበረበት። ኪሳ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሄይሮኩ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ መልሱን የሚጠብቁት እነሱም ነበሩና። እዚያው ፊታቸው አነበብኩት። ፊቴን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ደግሞ ለማልቀስ ምክንያት ነበረኝ፤ ማንም አልጠረጠረም።

«ምን ይላል?» አለች ኪሳ። «ልጅቷ ትመጣለች?»

«አትመጣም» አልኩ። «ትልቅ ቤት አገልግሎት ገብታለች። አለቆቿ አይለቋትም።»

«ደህና ናት ግን?»

«ደህና ናት።»

«እንኳን ደህና ሆነች። ዋናው እሱ ነው» አለችና እጄን ያዘች።

የጻፍኩልህን ደብዳቤ እንዳላየ ሁንልኝ። አልችልም ብትልም አልፈርድብህም። «ይጣፍጥህ» ያልኩህን ቃል ቁጭ ስል፣ ስነሳ እሰማዋለሁ።

ሥዕሎቹን አውርዱ ብለሃል። አላወርድም። ሥዕሉ ሰው ያድናል ብዬ አይደለም፤ የኔም ደጃፍ ላይ ተሰቅሏል። ግን ኪሳ አንዱን ልጅ ቀብራ ሁለተኛዋ ስትወድቅ፣ ጨርቋን ጠቅልላ ልትሸሽ ተነስታ ነበር። እኔው ነኝ በር ላይ ያገኘኋት። ሥዕሉን አየች፣ «እሷስ ድና የለ» አለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ቀን ከሌት ውሃ አጠጣቻት። ሳዮ ትናንት ተነስታ ምግብ ጠየቀች። ኪሳ ለሳዮ ከቀቀለችው ከመጀመሪያው ድስት አንድ ሳህን አደንጓሬ ይዛልኝ መጣች፤ ደጃፌ ላይ ለታኪ ሰገደችና ሳህኑን በእጄ አስቀመጠች። ከልጄ መቃብር ገና አፈሩ ከእግሬ አልለቀቀም ነበር። ተቀብዬ በላሁ። ካልበላሁ ትጠይቀኝ ነበር።

በታችኛው ሰፈር ገና የታመሙ አሉ። እናቶቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ያቺ ልጅ ሞታለች ብዬ ልንገራቸው? አንተ ብትሆን ትነግራቸዋለህ?

ና። ውሃ የሚያቀብል ሰው ያስፈልገኛል፤ በቤቱም ማንም የለም። ስትመጣ ግን የልጅቷ አባት መሆንህን ሁሉም ያውቃል። ከመንገዱ ጫፍ ጀምረው ይጠይቁሃል። የምትላቸውን አስበህ ና።

እህትህ ኑይ

*ቶሜዞ ለኑይ። ከማደሪያዋ። በሄይሮኩ እጅ።*

እታለሜ፣

ሄይሮኩ በአቋራጩ ቀድሞኝ ስለሚደርስ ይሄን አስይዤዋለሁ። ስለ ዮሳኩ በወረቀት የምጽፈው የለኝም። መጥቼ አብሬሽ እቀመጣለሁ። ስለዚያ ደብዳቤ ዳግመኛ አታንሺ፤ ያን የጻፍሽው በሕይወት ላለች ልጅ አባት ነው፤ ለዚያ ሰው ልክ ነበር።

በማደሪያዋ ደጃፍ ላይ ሥዕሉ ተሰቅሏል። ከሁለተኛው ጣውላ የታተመው ነው። ፀጉሩን እንዳየሁ አወቅኩት፤ የሌላ ሰው እጅ ነው፣ መስመሩ ይወፍራል። ፊቱም የታኪ አይደለም። ዓይኖቹ ሁለቱም ተከፍተዋል። ማንም የማያውቃት አንዲት ወፍራም ልጅ ተቀምጣ ትበላለች። ለረጅም ጊዜ ቆሜ ሳየው የማደሪያዋ ባለቤት ወጣች።

«ከኤዶ ነው የሚመጡት? እንግዲያው አይተዋት ይሆናል።»

«ማንን?»

«ይቺን ነዋ! የአንድ ቀራጭ ልጅ ናት አሉ። ሐኪም ተስፋ ቆርጦባት ሳለ አባቷ ሥዕሏን ሲጨርስ ብድግ አለች ይላሉ። እውነት ነው?»

ወሬው ከኔ ቀድሞ ተራራ ወጥቷል። ከኋላዋ፣ በተከፈተው መዝጊያ በኩል፣ ሁለት ልጆች ጨለማው ውስጥ ተኝተው አየሁ። በአጠገባቸው የውሃ ሳህን ነበር።

«እውነት ነው» አልኳት።

«ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ። ደህና ናት።»

ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሴትየዋ ብርድ የመታኝ መስሏት ትኩስ ነገር ልታመጣልኝ ሮጠች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ መንገደኛ ያንኑ ጠየቀኝ፤ ለሱ ሳልንቀጠቀጥ ነገርኩት። ሦስተኛው ሳይጠይቀኝ ነገርኩት።

አንቺ አገልግሎት ገብታለች ካልሽ እኔም እንደዚያው እላለሁ። የማን ቤት ነው ቢሉኝ፣ ከወንዙ ማዶ ያለ የወረቀት ነጋዴ ቤት ነው። የምትተኛበት ክፍል ፀሐይ ያገኛል። የቤቱ እመቤት ትንሽ ቁጡ ናት፣ ግን ልቧ ክፉ አይደለም። በመንገድ ሳለሁ ይሄን ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ፤ ቃላችን እንዳይለያይ አንቺም ያዥው።

ነገ ከመምሸቱ በፊት እደርሳለሁ። ደጁ ላይ ሰው ቆሞ ቢጠብቀኝ አንቺ ዝም በይ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።

ወንድምሽ ቶሜዞ